ስማቸውን ፈርመው የጻፉ ተመልካቾች

ማርች 1 ቀን 1968 ዓርብ ማታ ነበር። ኤንቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ስታር ትሬክ» የተሰኘው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ የዕለቱን ክፍል እንደ ጨረሰ የአስተዋዋቂ ድምፅ ተሰማ። ድራማው በጣቢያው መታየቱን እንደሚቀጥል ለተመልካቾች አስታወቀ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ ጣቢያ ስለ አንድ ድራማ ዕጣ ፈንታ በአየር ላይ ለተመልካቹ መልስ ሲሰጥ ማየት ከቶ ያልተለመደ ነበር። ጣቢያው መልስ የሰጠው ስለ ተጠየቀ ነው። ከዲሴምበር 1967 አንሥቶ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ100,000 በላይ ደብዳቤ ደርሶታል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ አንድ ፊልም አይተን ሳንጨርስ ስልካችንን አንሥተን አስተያየት እንሰጣለን። በእኛ በቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መካከል ደግሞ የፊልም ነገር ሲነሣ ጭውውቱ ብዙ ጊዜ «ይታይ ወይስ አይታይ?» በሚለው ላይ ያበቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ካየን በኋላ ምን እንላለን? እንዴትስ እንላለን? የተናገርነው ቃል ማን ላይ ያርፋል? እነዚህን ጥያቄዎች ከእኛ በፊት የነበሩ ወጣቶች በተግባር መልሰዋቸዋል፤ አንዳንዶቹ በመልካም፣ አንዳንዶቹም በክፉ። ከዚህ በታች ያለው የእነርሱ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አድራሻቸው የታተመላቸው አንባቢዎች

ታሪኩ የሚጀምረው ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ሁጎ ጌርንስባክ በሉክሰምበርግ ተወልዶ በ1904 ወደ አሜሪካ የተሻገረ የኤሌክትሪክና የሬዲዮ ዕቃ ነጋዴ ነበር። በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን፣ ሙሉ በሙሉ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተሰጠውን የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ መጽሔት አወጣ። ጌርንስባክ በመጽሔቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ የሚያትምበት ዓምድ ነበረው። ታዲያ ደብዳቤዎቹን ሲያትም ከጸሐፊው ስም ጋር ሙሉ አድራሻውንም ያትም ነበር።

ይህ ትንሽ የሚመስል አሠራር ትልቅ ነገር ወለደ። በየከተማው ብቻቸውን ተቀምጠው ያነብቡ የነበሩ ወጣቶች እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ። ከመጻጻፍ አልፈው ክበብ መሠረቱ፤ በእጅ በሚዞር ማባዣ እያተሙ የራሳቸውን ትናንሽ መጽሔቶች አሰራጩ። በ1939 በኒው ዮርክ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ ሲደረግ ሁለት መቶ ያህል ሰው ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን አስተያየት መስጠት ማለት በስምና በአድራሻ መቆም ማለት ነበር። አንድን ታሪክ «የማይረባ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ደራሲው ወይም ሌላ አንባቢ በቀጥታ «ለምን እንዲህ አልህ?» ብሎ ሊጽፍለት እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ምክንያቱን አብሮ መጻፍ ግድ ይለው ነበር።

ከእነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊ ወጣቶች አንዱ አይዛክ አሲሞቭ ነው። ወላጆቹ ከሩሲያ የተሰደዱ አይሁድ ሲሆኑ በብሩክሊን ከረሜላና ጋዜጣ የሚሸጥ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ በሱቁ ውስጥ የሚሸጡትን መጽሔቶች እያነበበ አደገ፤ ስለሚያነባቸውም ታሪኮች ለአዘጋጆቹ ይጽፍ ነበር። በ1939 የራሱ አጭር ልብ ወለድ በዚያው በ«አሜዚንግ ስቶሪስ» ታተመ። ከዚያ በኋላ ከዘመኑ ታላላቅ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲዎች አንዱ ለመሆን በቃ። የአሲሞቭን ስም እንያዘው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

አንድ ነቀፌታና የተሰጠው መልስ

«ስታር ትሬክ» በሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን አብራሪ፣ ኋላም የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። ታሪኩ «ኤንተርፕራይዝ» በተባለች የጠፈር መርከብ ላይ ይካሄዳል። በመርከቧ ላይ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ልጆች እኩል ሆነው ይሠራሉ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር ጦር መሣሪያ በተፋጠጡበት፣ በአሜሪካ ከተሞችም የጥቁሮች የመብት ትግል በተፋፋመበት ወቅት ይህ በራሱ ብርቅ ነበር።

ሮደንቤሪ ድራማው በቴሌቪዥን ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ወደ ክሊቭላንድ ሄዶ በዚያው በ1939 በተጀመረው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለተሰበሰቡት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢዎች አሳየ። እነርሱ ጠንካራ ዳኞች እንደሆኑ ያውቅ ነበር።

ጠንካራ መሆናቸውም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በኖቬምበር 1966 አሲሞቭ «ቲቪ ጋይድ» በተባለው መጽሔት ላይ በጊዜው የነበሩትን የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማዎች የሚተች ጽሑፍ አወጣ። ስለ ከዋክብትና ስለ ጋላክሲ ርቀት የሚናገሩት ስሕተት መሆኑን አሳየ፤ «ስታር ትሬክ»ንም ሳይጠቅስ አላለፈም። ሮደንቤሪ ሊናደድ ይችል ነበር። እርሱ ግን ለአሲሞቭ ደብዳቤ ጻፈለት። በየሳምንቱ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ ማቅረብ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በአክብሮት አስረዳው። አሲሞቭም ነገሩን መልሶ አየ። ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ፤ አሲሞቭ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ድራማው በዚያው መጽሔት ላይ በፍቅር ጻፈ። በ1979 «ስታር ትሬክ» ወደ ሲኒማ ቤት ሲገባ ደግሞ በፊልሙ ላይ ስሙ የሳይንስ አማካሪ ተብሎ ሰፈረ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አሲሞቭ ስሕተቱን አልሸፈነም፤ ሮደንቤሪም ስሕተት የለብኝም ብሎ አልተከራከረም። ነቀፌታው በስም የተፈረመ፣ ምክንያትም ያለው ስለ ነበረ መልስ ሊሰጠው ቻለ። ስም የሌለው ስድብ ቢሆን ኖሮ ለማን ይጻፍ ነበር?

ቁጥር ያላየው ሕዝብ

በዚያ ዘመን አንድ ድራማ መቀጠል አለመቀጠሉን የሚወስነው ኒልሰን የተባለው ድርጅት የሚያወጣው የተመልካች ቁጥር ነበር። ድርጅቱ 1,200 በሚያህሉ ቤቶች ውስጥ መሣሪያ ተክሎ የትኛው ጣቢያ እንደ ተከፈተ ይመዘግባል፤ ከዚያም ተነሥቶ መላው አሜሪካ ምን እንደሚያይ ይገምታል። በዚህ ስሌት «ስታር ትሬክ» ደካማ ነበር። በሁለተኛው ዓመቱ፣ በ1967 መጨረሻ፣ ድራማው ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ።

ወሬውን ከሰሙት መካከል ጆን ትሪምብልና ባለቤቱ ቢጆ ትሪምብል ይገኙበታል። ሁለቱም በሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንባቢዎች ክበብ ውስጥ የቆዩ ነበሩ። ዝም ብለን ከምንቀመጥ ለጣቢያው እንጻፍ ብለው ተነሡ። የሚያውቋቸውን አድናቂዎች አድራሻ አሰባስበው መመሪያ አባዝተው ላኩ። ምክራቸው ቀላል ነበር፦ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ በጨዋነት ጻፉ፣ ለወዳጆቻችሁም ንገሩ። ተመሳሳይ ጽሑፍ ገልብጦ መላክ እንደማይጠቅም ያውቁ ነበር፤ ሺህ ጊዜ የተባዛ አንድ ደብዳቤ በጣቢያው ጽሕፈት ቤት እንደ አንድ ደብዳቤ ነው የሚታየው።

በጃንዩዋሪ 1968 ደግሞ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎችና ሌሎች አድናቂዎች፣ ሁለት መቶ ያህል ሆነው፣ ችቦ ይዘው ኤንቢሲ በበርባንክ ወዳለው ሕንፃ በሰልፍ ሄዱ። ወደ ጣቢያው ከጎረፉት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሐኪሞች፣ የመምህራንና የተመራማሪዎች ነበሩ። ኒልሰን በ1,200 ቤቶች ውስጥ ያላገኛቸው ሰዎች በስማቸው «አለን» አሉ። ቁጥሩ ስንት ቤት ቴሌቪዥኑን እንደ ከፈተ ይናገር ነበር እንጂ በቤቱ የተቀመጠው ሰው ያየውን እንዴት እንደ ወደደው አይናገርም ነበር። እርሱን ሊናገር የሚችለው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ታሪክን በእውነት መናገር ይገባልና አንድ ነገር እንጨምር። ዘመቻው ሙሉ በሙሉ ከሕዝቡ ብቻ የፈለቀ አልነበረም፤ ሮደንቤሪም ከበስተጀርባ ሆኖ ያበረታታና ይረዳ ነበር። ሆኖም ብዕር አንሥተው፣ ቴምብር ገዝተው፣ ስማቸውን ፈርመው የላኩት ተመልካቾቹ ናቸው። ያን ሊያደርግላቸው የሚችል ማንም አልነበረም።

ማርች 1 ቀን የተሰማው ማስታወቂያ የዚህ ውጤት ነው። ድሉ ግን የተሟላ አልነበረም። ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር ድራማው ዓርብ ማታ በአራት ሰዓት እንዲታይ ተደረገ፤ ይህም አብዛኞቹ ወጣቶች ከቤት የሚወጡበት ሰዓት ነው። በጀቱ ተቀነሰ፤ ሮደንቤሪም ከዕለት ተዕለት ሥራው ራቀ። የመጨረሻው ክፍል በጁን 3 ቀን 1969 ታየ። ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በጁላይ 20፣ የሰው ልጅ በጨረቃ ላይ እግሩን አሳረፈ።

ታዲያ ደብዳቤዎቹ ከንቱ ነበሩን? አልነበሩም። በሦስቱ ዓመታት 79 ክፍሎች ተሠርተው ነበር። አንድ ድራማ በየከተማው ጣቢያ በየዕለቱ በድጋሚ እንዲታይ በቂ ክፍሎች ሊኖሩት ይገባል፤ ሦስተኛው ዓመት ያን አስገኘ። በ1970ዎቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያዩት ጀመር። በጃንዩዋሪ 1972 በኒው ዮርክ የአድናቂዎች ጉባኤ ሲጠራ አዘጋጆቹ የጠበቁት ጥቂት መቶ ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ከሦስት ሺህ በላይ ነው። የዘሩትን ያጨዱት በጠበቁበት ወቅትና በጠበቁት መንገድ አልነበረም።

አንድ መጋቢ የሰጡት አስተያየት

እስካሁን ስለ ብዙ ሺህ ደብዳቤዎች ተናገርን። በ«ስታር ትሬክ» ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሩቅ የደረሰው አስተያየት ግን በደብዳቤ አልተጻፈም፤ አንድ ሰው ለአንዲት ሴት ፊት ለፊት የተናገሩት ነው።

ኒሼል ኒኮልስ በድራማው ውስጥ የመርከቧ የመገናኛ ክፍል ኃላፊ የሆነችውን ኡሁራን ትጫወት ነበር። የገጸ ባሕርይዋ ስም የተወሰደው በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ከሆነው ኡሁሩ ከሚለው ቃል ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት ብዙውን ጊዜ የምትታየው የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። ኡሁራ ግን የተማረች መኮንን ናት። ይሁን እንጂ ኒኮልስ ደስተኛ አልነበረችም። የምትናገራቸው ቃላት በየክፍሉ እየተቀነሱባት ነበር። ከአድናቂዎች የሚላክላት ደብዳቤም በስቱዲዮው ሠራተኞች በትእዛዝ እንዲያዝባት ይደረግ እንደ ነበር በሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ ጽፋለች። ደብዳቤ ለተቀባዩ ካልደረሰ ጸሐፊውም ዝም እንዲል ተደርጓል ማለት ነው።

ኒኮልስ ራሷ ደጋግማ እንደ ተናገረችው፣ የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ወደ ቲያትር መድረክ ለመመለስ ወስና የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ለሮደንቤሪ ሰጠችው። እርሱም ቅዳሜና እሑድን እንድታስብበት ለመናት። በዚያው ሰሞን ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር ባዘጋጀው የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ ተገኝታ ሳለ፣ አንድ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል ተባለች። ዞር ስትል ያየችው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ነው።

የባፕቲስቱ መጋቢና የመብት ታጋዩ ኪንግ ድራማውን እንደሚከታተሉ ነገሯት። እርሳቸውና ባለቤታቸው ኮሬታ ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱላቸው ድራማ እርሱ ብቻ ነበር። እርሷም አመስግና ልትለቅ መሆኗን ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። መልቀቅ አትችዪም አሏት። ቦታሽ የጥቁር ሰው ቦታ ብቻ ተብሎ የተሰጠ ስላልሆነ አንቺ ብትሄጂ በማንም ሊተኩት ይችላሉ፤ ዛሬ ግን ዓለም እንደሚገባን አድርጎ ያየናል የሚል ነበር የነገሯት ፍሬ ነገር። ኒኮልስ ሰኞ ዕለት ወደ ሮደንቤሪ ሄዳ እንደምትቆይ ነገረችው።

ይህን አስተያየት ደግመን እንመልከተው። ዶክተር ኪንግ ለተዋናይዋ ውብ እንደሆነች ወይም በደንብ እንደምትጫወት በመንገር አላበቁም። እርሷ ራሷ ያላየችውን የሥራዋን ፍሬ አሳዩዋት። እርሷ የምታየው የተቀነሱባትን ቃላት ነው፤ እርሳቸው የሚያዩት በሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠው የሚመለከቱ ልጆችን ነው። ድራማውን ያዩት እንደ አባትም እንደ መጋቢም ሆነው ነው፤ ስለዚህ ከመዝናኛ ያለፈ ነገር አገኙበት። ኤንቢሲ የድራማውን መቀጠል ካስታወቀ ከአንድ ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1968፣ ዶክተር ኪንግ በሜምፊስ በጥይት ተገደሉ። ያበረታቷት ሴት ግን በቦታዋ ላይ ነበረች።

ስምና መቀመጫ

በሳውዝ ካሮላይና ሌክ ሲቲ በተባለች ትንሽ ከተማ ሮናልድ ማክኔር የተባለ ጥቁር ልጅ ነበር። በ1959 ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መጽሐፍ ልዋስ ሲል ጥቁር ስለሆነ አይሰጥህም ተባለ። ልጁ ግን አልሄደም፤ ተቀምጦ ጠበቀ። ፖሊስና እናቱ ተጠሩ፤ በመጨረሻም መጽሐፎቹን ይዞ ወጣ። ይህን ታሪክ የሚናገረው ወንድሙ ካርል ማክኔር ነው። ካርል ስለ «ስታር ትሬክ»ም ይናገራል። ልጆች ሳሉ ድራማው ሲመጣ ጥቁርና ነጭ በአንድ መርከብ አብረው ሲሠሩ ማየት ለካርል ተረት ነበር። ሮናልድ ግን ሊሆን የሚችል ነገር አድርጎ አየው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ድራማ አይተው ሁለት የተለያየ አስተያየት ያዙ።

ሮናልድ በ1976 በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። በዚያው ዓመት አድናቂዎቹ ሌላ የደብዳቤ ዘመቻ አካሄዱ። ናሳ የመጀመሪያውን የጠፈር መንኮራኩር «ኮንስቲቲዩሽን» ሊለው አስቦ ነበር፤ አድናቂዎቹ ግን «ኤንተርፕራይዝ» ይባል ብለው ለዋይት ሃውስ በብዛት ጻፉ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ፈቀዱ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1976 መንኮራኩሩ ለሕዝብ ሲታይ የድራማው ተዋንያን በሥፍራው ተገኝተው ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ይህ መንኮራኩር የተሠራው በከባቢ አየር ውስጥ የመንሳፈፍና የማረፍ ሙከራ ለማድረግ ነበር፤ ወደ ጠፈር ከቶ አልወጣም። አድናቂዎቹ የወደዱትን ስም በመሬት ላይ በቀረ መንኮራኩር ላይ አጻፉ።

ኒኮልስ በበኩሏ በ1977 ለናሳ አዳዲስ ጠፈርተኞችን የመመልመል ሥራ ጀመረች። እስከዚያ ድረስ ናሳ ወደ ጠፈር የላካቸው ሁሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ኒኮልስ በየዩኒቨርሲቲውና በየስብሰባው እየዞረች ሴቶችና ጥቁሮች እንዲያመለክቱ ታበረታታ ነበር። በ1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች መካከል ስድስት ሴቶች፣ ሦስት ጥቁሮችና አንድ የእስያ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ይገኙ ነበር። ከጥቁሮቹ አንዱ ያ የሌክ ሲቲው ልጅ ሮናልድ ማክኔር ነው። በፌብሩዋሪ 1984 ወደ ጠፈር ወጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን፣ ጃንዩዋሪ 28 ቀን 1986፣ ቻሌንጀር የተባለው መንኮራኩር ሲፈነዳ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ሕይወቱ አለፈ። በልጅነቱ መጽሐፍ የተከለከለበት ሕንፃ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ነው።

በቺካጎ ኡሁራን እያየች ያደገችው ሐኪም ሜይ ጄሚሰን ደግሞ በሴፕቴምበር 1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት ከኋለኞቹ የ«ስታር ትሬክ» ተከታታዮች በአንዱ ክፍል ትንሽ ቦታ ይዛ ተጫውታለች።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የብዙ ሺህ ሰዎች ደብዳቤ በመንኮራኩር ላይ ስም አጻፈ። የአንድ መጋቢ ምክር በቦታዋ ያቆያት ሴት ደግሞ በመንኮራኩሮቹ ውስጥ እነማን እንደሚቀመጡ እንዲለወጥ የድርሻዋን አበረከተች። በእርግጥ ለውጡን ያመጣችው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ ብዙዎች ታግለውለታል። ሆኖም የአስተያየት ክብደት በብዛቱ ብቻ እንደማይለካ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ስም የለሽ ድንጋይ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ነገር ግን የአድናቂ ድምፅ ሲያቆስልም ታይቷል።

በ1999 ከ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች አንዱ ሲወጣ ወጣቱ ተዋናይ አሕመድ ቤስት ጃር ጃር ቢንክስ የተባለውን አስቂኝ ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ብዙ አድናቂዎች ገጸ ባሕርይውን አልወደዱትም። አለመውደድ መብታቸው ነው። ነቀፌታው ግን ከገጸ ባሕርይው አልፎ ወደ ሰውየው ዞረ። ቤስት ከ19 ዓመታት በኋላ፣ በ2018፣ በዚያን ጊዜ ከደረሰበት ሐዘን የተነሣ ራሱን ሊያጠፋ ተቃርቦ እንደ ነበር በአደባባይ ተናገረ።

በዚያው በ2018 ከቬትናም ከተሰደዱ ወላጆች የተወለደችው ተዋናይ ኬሊ ማሪ ትራን ተመሳሳይ ነገር ደረሰባት። ከጥቂት ወራት በፊት በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ውስጥ ተጫውታ ነበር። ስለ ዘሯና ስለ መልኳ የሚሰድቡ ቃላት ስለ በዙባት የኢንስታግራም ገጿን ባዶ አደረገችው። በኦገስት ወር ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጽሑፍ አወጣች። በዚያም የሰዎቹ ስድብ በልጅነቷ ስለ ራሷ የሰማችውን ክፉ ነገር እንዳጸናባትና እርሷም ልታምነው እንደ ጀመረች ገለጸች።

በ1968 የጻፉትና በ2018 የጻፉት ሁሉም «አድናቂዎች ነን» ይላሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹ ስም ነበራቸው፤ የኋለኞቹ ብዙዎቹ ስማቸውን ሸሽገዋል። የመጀመሪያዎቹ የጻፉት ውሳኔ ማድረግ ለሚችል ጣቢያ ነው፤ የኋለኞቹ የተሰጣትን ሚና በተጫወተች ወጣት ላይ ዘመቱ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ሥራው ተናገሩ፤ የኋለኞቹ ስለ ሰውዋ። በ1968 አንድ ተመልካች ወረቀት ፈልጎ፣ ጽፎ፣ አንብቦ፣ ፖስታ ቤት እስኪደርስ ቁጣው ይበርድ ነበር። ዛሬ በቁጣና በመላክ መካከል የአንድ ጣት ርቀት ብቻ ነው ያለው።

መልካም አድናቂዎችም ዝም አላሉም። በኤፕሪል 2019 በቺካጎ በተደረገው የ«ስታር ዋርስ» ጉባኤ ላይ ትራን ወደ መድረክ ስትወጣ የተሰበሰበው ሕዝብ ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበላት፤ እርሷም አለቀሰች። አሕመድ ቤስትም በ2023 በአዲስ ሚና ወደ «ስታር ዋርስ» ሲመለስ አድናቂዎች በደስታ ተቀበሉት። የተሰበረ ሰው በሌላ ሰው ቃል ሊጠገን ይችላል፤ ለቤስት ግን ሃያ አራት ዓመት ወስዷል።

ለእኛ

ዛሬ በአማርኛ የሚሠሩ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ከመቼውም ይልቅ በዝተዋል። ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከእኛው ወንበር ተነሥተው የሄዱም አሉ። ፊልማቸው ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈውን ያነብባሉ። ቤተሰቦቻቸውም ያነብባሉ።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ፊልም አይተህ አስተያየት ልትሰጥ ስትል፣ አንቺም ልትጽፊ ስትነሺ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን በስሜ ልፈርምበት እችላለሁን? ምክንያቴን ጽፌያለሁን? ሰውዬው ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ ይህንኑ እለዋለሁን? ስሕተት ካያችሁ እንደ አሲሞቭ በግልጽ ንገሩ፤ ሥራው ክፉ ከሆነ ክፉ ነው በሉ። መልካም ካያችሁም በልባችሁ ይዛችሁ አትቅሩ። ኒኮልስ የምትሠራው ሥራ ዋጋ እንዳለው አላወቀችም ነበር፤ ያወቀችው አንድ ሰው ሊነግራት ወደ እርሷ ስለ ተራመደ ነው። በዚህ ሳምንት ሥራውን የወደዳችሁለት አንድ ደራሲ፣ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ካለ፣ ምኑን እንደ ወደዳችሁና ለምን እንደ ወደዳችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩለት። ስማችሁንም ፈርሙበት።